ለአባታችን በቁሙ ያለቀስንበት ክረምት

ወንድሜ ተክሌ ሞቷል። ማንም አልነገረኝም፤ ግን ሞቷል። በልጄ በጸዳለ ቤት፣ ኦስሎ ትሮስተሩድ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ከመስኮቱ ሥር ባለችው ወንበሬ ላይ ተቀምጬ፣ እያወቅሁ እንዳላወቀ ሰው ሻዬን እጠጣለሁ። እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አዲስ አበባ ደውለን ከተክሌ ጋር ሳንጨቃጨቅ የቀረንበት ጊዜ የለም። እሱ ጉልበቱን ያማርራል፣ እኔ ብርዱን አማርራለሁ፣ ከዚያ የማን ይብሳል ብለን እንሟገታለን። ያለፈው እሁድ ግን ጸዳለ ስልኳን አገላብጣ አየችና «እማዬ፣ ዛሬ ኔትወርክ እምቢ ብሏል» አለችኝ። ኔትወርክ እምቢ ይላል፤ ብሎም ያውቃል። ዓይኗን ታዲያ ምን አቀላው? ስጠይቃት «አለርጂ ነው» አለች። በኅዳር አለርጂ! ቅጠል የሚባል ሁሉ ረግፎ ባለቀበት፣ ፀሐይዋ በእኛ አቆጣጠር ገና ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ በምትጠፋበት አገር! ልጄ ብዙ ነገር ትችላለች፤ መዋሸት ግን አልፈጠረባትም።

የልጅ ልጄ ሜሮንም ሌላ ሰው ሆነችብኝ። ዩኒቨርሲቲ ትማራለች፤ ወትሮ «ሃይ እማማ» ብላ ግንባሬን ስማ ወደ ክፍሏ ትበርራለች። ሰሞኑን አጠገቤ ቁጭ ትልና እጄን ትይዛለች። «እማማ፣ ኤር ዱ ትረት?» ትለኛለች፤ ደከመሽ ወይ ማለቷ ነው። «ኧረ ምን ሠርቼ ልድከም?» ስላት ዓይኗ ውኃ ያቀርራል። አንድ ቀን ደግሞ ከሊንደሩድ አንዲት የቤተ ክርስቲያን እህታችን ሾርባ ይዛ መጣች። ሳልታመም ሾርባ! ሾርባውን አስቀምጣ ፊቴን እያየች «ይበርቱ እንጂ እማማ፣ ይበርቱ» አለችኝ። ጸዳለ ከኋላዬ ሆና በዓይኗ ስትቆጣት ጀርባዬን ሰጥቼም ታወቀኝ። ሴትዮዋ ሻይ እንኳ ሳትጠጣ ወጣች።

ሁሉን ያረጋገጠልኝ ግን ጥቁሩ ልብስ ነው። ጸዳለ የምትሠራው ፉሩሴት በኩል ባለ ሲከየም፣ ማለትም ሽማግሌና አሮጊት በሚጦሩበት ቤት ነው። ከሥራ የምትመለስበትን ሰዓት ስለማውቅ በመስኮት ቁልቁል አያታለሁ፤ ልማዴ ነው። ያን ቀን ከቴባነው፣ ከምድር ባቡሩ፣ ወርዳ በመንገዱ መብራት ሥር ስትመጣ ከላይ እስከ ታች ጥቁር ለብሳለች። ጥቁር ሹራብ፣ ጥቁር ቀሚስ፣ ጥቁር ሻሽ። በሩን ከፍታ ስትገባ ግን የለበሰችው ቀዩን ሹራቧን ነበር። ምድር ቤት ካለው የልብስ ማጠቢያ ክፍል ገብታ ቀይራ ነው የወጣችው። «እንዴት ዋልሽ እማዬ?» አለችኝ፤ «እግዚአብሔር ይመስገን» አልኳት። ሁለታችንም ፈገግ አልን።

በእኛ ዘንድ መርዶ በስልክ አይነገርም። ሰው ሞተ ተብሎ እንደ ገበያ ወሬ አይጣልም። ዘመድ ይሰበሰባል፣ ሽማግሌ ይመረጣል፣ ባለ ኀዘኑ እህል ይቀምስ ዘንድ በዘዴ ይደረጋል፣ ከዚያ ማለዳ ወፍ ሲንጫጫ በሩ ይንኳኳል። ኦስሎ መጥቶ ይህ ወግ ትንሽ ጎብጧል። ግማሹ ሰው ሆስፒታል፣ ግማሹ ጽዳት ይሠራል፤ ሁሉም ቫክት፣ የሥራ ተራ፣ አለበት። ስለዚህ መርዶ ቅዳሜ ነው የሚነገረው። ሟቹ ሰኞ ቢሞትም ለእህቱ የሚሞተው ቅዳሜ ነው። እኔ ራሴ ከመርዶ አርጂዎች ጋር ስንት ቤት ሄጃለሁ! እዚህ አገር ከመጣሁ ወዲህ አንደኛዋ አሮጊት እኔ ስለሆንኩ ከፊት ያስቀምጡኛል። እናም ቅዳሜን ጠበቅሁ። የደም ግፊት መድኃኒቴን ውጬ፣ የቀረበልኝን ሁሉ እየበላሁ ጠበቅሁ።

የቤት ምስጢር ከሰው ፊት ላይ የማንበብ ትምህርት ከየት አመጣሽው ብትሉኝ ከጣሊያን ዘመን ነው። ያኔ ጉለሌ ነበርን። ዓመተ ምሕረቱን ተዉኝ፤ ጣሊያን ከገባ ሁለተኛው ይሁን ሦስተኛው ክረምት እንጃ። የማስታውሰው ጭቃውንና የቆዳውን ሽታ ነው። አባቴ አበራ ኮርቻ ሰፊ ነበር። ቤታችን ከፊት ለፊቱ ሱቅ፣ ከኋላው መኝታ ነው፤ ቆዳው ከጣሪያ ተንጠልጥሎ ሌሊቱን ሙሉ እንደ እንግዳ ሰው ጥላውን ይጥልብን ነበር። የእሱን ኮርቻ የጫነ ሰው ከጉለሌ እስከ ጊዮርጊስ ሲሄድ አንገቱን ቀና አድርጎ ነው ይባላል። እናቴ ዘነበች ጥጥ ትፈትላለች። የፈተለችውን ከቤታችን በላይ ላሉት ሸማኔዎች ትሸጣለች። ሸማኔዎቹ ጠገራ ብር ካልሆነ አንቀበልም ይላሉ፣ ጣሊያን ሊሬ ካልሆነ ገበያ አትገቡም ይላል፤ እናቴ ብሩን ከምድጃው ሥር ቀብራ ወረቀቱን ይዛ ትወጣለች። በዚያ ወረቀት ፉርኖ ዳቦ፣ አንድ ጣሳ ጨው፣ የአቡጀዲ ቅዳጅ ይገዛል። ዛሬ ፉሩሴት ሴንተር ገብቼ ዳቦ በላስቲክ ታስሮ ተደርድሮ ሳይ ያ የጉለሌ ፉርኖ ትዝ ይለኛል፤ ገና ሳይወጣ ሽታው ሰፈሩን ሁሉ ያዳርስ ነበር።

ከአደባባዩ ምሰሶ ላይ የተሰቀለ ድምፅ ማጉያ ቀኑን ሙሉ በማናውቀው ቋንቋ ይዘፍንብናል። እኛ ልጆች ዜማውን ሰርቀን የራሳችንን ግጥም እናለብሰው ነበር፤ «ዱቄት ታፈሰ፣ ጌታው ጎረሰ፣ ለእኛም በነፋስ ሽታው ደረሰ» እያልን። ወንዶቹ ጣሊያን የጣለውን የካኪ ኮት እጅጌውን ቆርጠው ይለብሳሉ፤ እስከ ጉልበታቸው ይደርሳል። ተክሌም አንድ ነበረው። ትንሽ፣ ግንባረ ሰፊ፣ ሲናደድ የሚንተባተብ ልጅ ነበር። ገና ጥርሱ ያልተነቀለ። ከአባቴ ሥር አይጠፋም፤ አባቴ ሲሰፋ ክሩን በሰም የሚያሽለት እሱ ነበር። አባቴ መርፌውን ጥሎ ጫካ የገባ ቀን ያን የሰም ቁራጭ ለተክሌ ሰጥቶት «እስክመለስ አታድርቀው» ብሎታል። ወደ ቡልጋ ነው የሄደው። ለእኔ የተናገረኝ ነገር እንደነበረ አላስታውስም፤ ያኔም በዚህ ቀንቼ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ቤታችን እስትንፋሱን ይዞ የሚኖር ቤት ሆነ። እናቴ በየሳምንቱ ካራቢኔሪዎቹ ዘንድ ትጠራለች። ባልሽ የት ነው ይሏታል፤ አላውቅም ትላለች። የሚያስተረጉመው አቶ ንጋቱ ነው። ንጋቱ ባዕድ ቢሆን ይሻለን ነበር። ከአባቴ ጋር አብሮ አደግ ነው፤ አባቴን ክርስትና ያነሣውም የንጋቱ አባት ነው። አንድ ሰሞን አባቴ ያለ እሱ እራት አይበላም ነበር። ሰዉ ባንዳ ይለዋል። እኔ ምን እንደምለው እስከ ዛሬ አልቆረጥኩም። የሽፍታ ቤት ተብሎ የተቃጠለ ጎጆ ሰፈራችን ውስጥ ነበር፤ ሴትየዋንና ልጆቿን በካሚዮን ጭነው ወሰዷቸው፣ ዓመድ ብቻ ቀረ። እናቴ በዚያ ባለፈች ቁጥር እጃችንን አጥብቃ ትይዛለች። በመጨረሻ የተጠራች ጊዜ «ባልሽን ካላስገባሽ ቀጣዩ ያንቺ ቤት ነው» ተብላ ተመለሰች። ያን ያስተረጎመላት ንጋቱ ነው። ሲናገር ፊቷን አላየም አለች።

ከዚያ በኋላ አንዲት ከሰል ሻጭ ከቤታችን ገባች። እኔ ጥግ ተቀምጬ ጥጥ እባዝታለሁ። ሴትዮዋ ከሰሉን አውርዳ ላቧን ጠርጋ «አበራ ሙት ነኝ በሉ ብሏል» አለች፤ «ለቅሶ ይቀመጡ፣ የሞተ ሰው አይታደንም ብሏል።» ውኃ ጠጥታ ወጣች። እናቴ ከሰሉን እያየች ቆየች። ከዚያ ዞራ ጥግ ላይ አየችኝ።

«ሰማሽ?» አለችኝ።

«ሰማሁ።»

«እንግዲያስ ካላለቀስሽ አባትሽ ይሞታል።»

«ተክሌስ?»

«ተክሌ ሕፃን ነው። ሕፃን ምስጢር አይችልም። እሱ አያውቅም።»

እኔ ሕፃን አልነበርኩም መሰለኝ! ከተክሌ የምበልጠው ጥቂት ዓመት ነው። እሱ ባለመስማት ዳነ፣ እኔ በመስማት ተያዝኩ። ቢሆንም ያን ቀን ትልቅ ሰው አደረገችኝ፤ ኮርቼም ነበር። ፍርሃቱ የመጣው ሲመሽ ነው።

ወደ ቅዳሜው ልመለስ። ቅዳሜ ማለዳ ተነሥቼ ታጠብሁ። ነጠላዬን በቀኜ አስቀመጥሁ። ጸዳለ ገንፎ አቀረበችልኝ፤ ይኸው እህል የማቅመሱ ነገር ብዬ ጥርግ አድርጌ በላሁ። ሊፍቱ ሲያቃጭል ወደ በሩ እዞራለሁ። በሩ አንዴ ተደወለ፤ ወንበሬን ጨብጬ ያዝሁ። ከኮሙኑ፣ ከማዘጋጃ ቤቱ፣ የምትላከው መድኃኒት የምትቆጥርልኝ ልጅ ናት። «ሃይ! ጎር ደ ብራ?» አለችኝ፤ ደህና ነሽ ወይ ነው። «ያ ያ» አልኳት። ረፋዱ አለፈ፣ ምሳ ሰዓት አለፈ፣ ውጭው ጨለመ። አንድም ሰው አልመጣም።

ያን ጊዜ ነው የከፋው ነገር የመጣብኝ። ተስፋ መጣብኝ። ሞቶ ቢሆን እንዴት ቅዳሜ ዝም ይላሉ? ምናልባት ታሞ ነው። ምናልባት ጥቁሩ ለሌላ ሰው ነው፤ በሜሮን አባት በኩል ዘመድ ሞቶባት እኔን ላለማስደንገጥ ይሆናል። ጥቁር የለበሰ ሁሉ ሰው ሞቶበት አይደለም። ይህን ከእኔ በላይ ማን ያውቃል? እናቴ ባሏ በሕይወት እያለ ራሷን ተላጭታ ዓመት ሙሉ ጥቁር ለብሳለች። እንዲህ እያልኩ ራሴን ሳባብል እሁዱ በኔትወርክ ሰበብ አለፈ፤ ሳምንቱንም ገፋሁት። ቁርጡን ያወቀ ሰው ይተኛል። ተስፋ ያለው ነው እንቅልፍ የሚያጣው።

ለቅሶው እንዲህ ነበር። ግቢያችን ውስጥ ዳስ ተጣለ። እናቴ ፀጉሯን ተላጨች፣ ፊቷን ነጨች፣ አቡጀዲዋን ጥቁር ቀለም ነክራ ሳይደርቅ ለበሰችው፤ አንገቷ ላይ ቀለሙ ተጋብቶ ለብዙ ቀን አልለቀቀም። ሬሳ የለም፤ ስለዚህ አባቴ በእጁ የሰፋው ኮርቻ በተከራየናት በቅሎ ላይ ተጭኖ ዳሱን ይዞራል። አልቃሿ የታወቀች ሴት ናት። እሷም እውነት መስሏት ደረቷን እየመታች አወረደችው፤

«ኮርቻውም አለ፣ በቅሎዋም አለች፤
ባለቤቱንማ የት ጥላው መጣች?»

ሴቱ ሁሉ ወይ ወይ አለ። እኔ ግን እንባ አልመጣልኝም። አስቡት፤ አባቴ አለ፣ አባቴ መኖሩን አውቃለሁ፣ ካላለቀስሁ ደግሞ ይሞታል። ዓይኔ እንደ ክረምት ምድጃ ደረቀ። እናቴ እያለቀሰች ክንዴን ቆነጠጠችኝ፤ ኡ አልኩ እንጂ አላነባሁም። በመጨረሻ ጓዳ ገብቼ ጣቴን በርበሬ ነክሬ ዓይኔን አሸሁት። አወይ መቃጠል! ስወጣ ሰዉ «ውይ ይቺ ልጅ፣ ዓይኗ ሊጠፋ ነው» አለልኝ። ንጋቱ ከዳሱ ምሰሶ ሥር ጥቁር ካፖርቱን ለብሶ ተቀምጧል። አያለቅስም። ያያል። እናቴን አየ፣ እኔን አየ፣ በርበሬውን ያየው መሰለኝ።

ተክሌን ግን ማየት አይቻልም ነበር። ያ ሕፃን በቅሎዋ ባለፈች ቁጥር የኮርቻውን መቀነት ይዞ አልለቅም ይላል። ይጎተታል። ድምፁ ተዘግቶ አፉ ብቻ «አባዬ» እያለ ይከፈታል። የተቀጠረችው አልቃሽ እንኳ እሱን ስታይ ዜማዋ ጠፋባት። ዳሱ በሙሉ ያለቀሰው ለአባቴ አልነበረም፣ ለተክሌ ነው። እኔም በርበሬው ሲያልቅ እሱን እያየሁ ትንሽ አለቀስሁ።

እናቴ አንድ ስሕተት ሠራች። ስሕተቷን የሚያውቀው እንደኛ ያለ ሰው ብቻ ነው። ለሞተ ሰው ፍትሐት ይደረጋል፤ ካህኑ ሟቹን በክርስትና ስሙ ይጠራዋል። እናቴ ሁሉን ነገር በድፍረት አደረገች፣ ከዚህ ላይ ግን አልደፈረችም። በሕይወት ላለ ባሏ ፍትሐት ማስፈታት ነፍሱን ና ውጣ እንደማለት ሆነባት። የንስሐ አባታችን ስለሚያውቁን ወደ ሌላ ደብር ሄደች። እዚያም ለካህኑ የባሏን የክርስትና ስም ሳይሆን በልጅነቱ የሞተውን የወንድሟን ስም ሰጠች። ጸሎቱ ለእሱ ይድረሰው ብላ ነው። ካህኑ «ወልደ ሚካኤል» እያሉ ፈቱ። እኔ ሰማሁ፤ ምንም አልመሰለኝም። ንጋቱም እዚያ ቆሞ ነበር።

በማግስቱ ዝናብ ጋብ ሲል ብቻውን መጣ። ኮፍያውን አውልቆ መደቡ ላይ ተቀመጠ። እናቴ እንዝርቷን ይዛለች።

«እመት ዘነበች» አላት፤ «ትናንት ካህኑ ማንን ነበር የሚጠሩት?»

«ባሌን ነዋ» አለች እናቴ።

«ወልደ ሚካኤል አሉ።»

«አዎን።»

«አበራን ክርስትና ያነሣው አባቴ ነው። ስሙን አውቀዋለሁ። ወልደ ሚካኤል አይደለም።»

እንዝርቱ ከእናቴ እጅ ላይ ቆመ። እኔ የማስበው ያን የተቃጠለ ጎጆ ነው። ንጋቱ አልጮኸም፣ አልተቆጣም፤ መልስ እስኪሰጠው ይጠብቃል። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

በዚያ ቅጽበት ተክሌ ከውጭ ገባ። ያን ካኪ ኮት ለብሷል፤ እስከ ወገቡ ጭቃ ነው። እኛን አላየንም። ቀጥ ብሎ ወደ ንጋቱ ጉልበት ሄዶ ኮቱን ያዘው።

«ጋሼ ንጋቱ፣ አባዬ የተቀበረበትን ታውቃለህ?» አለው። «ውሰደኝ። ዝናቡ እያረጠበው ነው። አንድ ነገር ላልብሰው።»

ንጋቱ ልጁን ወደ ታች አየው። ረጅም ጊዜ አየው። ተክሌ እየተንተባተበ ይደግማል፤ ውሰደኝ፣ አለብሰዋለሁ፣ አላለቅስም፣ ቃሌን እሰጣለሁ። ንጋቱ እጁን ራሱ ላይ ጫነበት። ከዚያ ለእናቴ ሳይሆን ለግድግዳው «ይህ ልጅ የእውነቱን ነው የሚያለቅሰው» አለ። ተነሥቶ ኮፍያውን አደረገ። «እኔ ተሳስቼ ይሆናል። ስም ይዘነጋል። አልቅሰው አስፈትተውት አየሁ እላቸዋለሁ» አለና ወጣ። ከዚያ በኋላ አልጠሩንም። አምኖ ይሁን፣ አውቆ ይሁን የተወን፣ ሕይወታችንን ሙሉ ከተክሌ ጋር ስንከራከርበት ኖረናል። እኔ አውቆ ነው እላለሁ። ተክሌ አምኖኝ ነው ይላል፤ ደግሞ ይህ ሲነሣ ፊቱ ይጠቁራል።

እኛ አባታችንን አዳንን፤ ለተክሌ ግን አባቱ ሞቶ ቀረ። ዝናብ በጣለ ቁጥር ተነሥቶ በር ላይ ይቆማል። ያን የሰም ቁራጭ በጨርቅ ጠቅልሎ ይዞት ይተኛል። እህል ሲቀርብ ሁለት ጊዜ ይጎርስና እጁን ይሰበስባል። «ሙት ይበርደዋል?» ብሎ ይጠይቀኛል፤ እኔን፣ የማውቀውን! ምስጢሩ ከምላሴ ጫፍ ደርሶ የተመለሰበትን ጊዜ እኔ ነኝ የማውቀው። እናቴ ከሩቅ ሆና በዓይኗ ትይዘኛለች። ጥፋተኛ ነሽ የሚለኝ ካለ ይምጣና እንነጋገር። ብነግረው ኖሮ ያን ቀን ንጋቱ ፊት እንደኔ በርበሬ ፍለጋ ይሄድ ነበር፤ አባትም አይኖረንም ነበር። ይህን ለተክሌ ስንት ጊዜ ነግሬዋለሁ። «ይሁና» ይለኛል፤ «ግን እኮ እኔ የእውነት ነው የቀበርኩት።»

ጣሊያን የወጣ ጊዜ አባቴ መጣ። ፀጉሩ ጎፈሬ ሆኖ፣ ጢሙ አድጎ፣ በበሩ ጎንበስ ብሎ ገባ። እናቴ እልልታዋ ግማሽ ላይ ተሰበረ። እኔ እግሩ ላይ ወደቅሁ። ተክሌ አልመጣም። አልጋው ሥር ገብቶ ግድግዳው ላይ ተለጥፎ እየተንቀጠቀጠ አገኘነው። አባቴ በደረቱ ተኝቶ እጁን ዘርግቶ «ተክሌ፣ እኔ ነኝ» ሲለው፣ ልጁ አባቴን ትቶ ወደኔ ዞረ። «አንቺ ታውቂ ነበር?» አለኝ። «አዎ» አልኩት። ከአባቴ ጋር በሳምንቱ ታረቀ፤ ከእኔ ጋር እስከ መስቀል አልተናገረም። ካደግን በኋላ ሳቅንበት። እኔ አስተማሪ ሆንኩ፣ እሱ መንገድ ቀያሽ ሆነ፤ ወግ በያዝሁ ቁጥር ለእንግዳው «እህቴ ያለችውን ግማሹን ብቻ እመኑ» ይላል። ሁሉ ይስቃል። እኔም እስቃለሁ።

ሁለተኛውም ቅዳሜ መጣና ሄደ። ማንም አልመጣም። በማግስቱ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ኮቴን ሳላወልቅ ተቀመጥሁ። ጸዳለ ያን ቀይ ሹራቧን ለብሳለች። «እንደውል» አልኳት።

«እማዬ፣ ኔትወርኩ ዛሬም…»

«ስልኩን አምጪው። እኔ ራሴ እሞክራለሁ።»

ስልኩን በሁለት እጇ ደረቷ ላይ ያዘችው። ሊቀሟት እንደመጡ ልጅ። ያን ጊዜ ተስፋዬ ሙሉ በሙሉ ከውስጤ ወጣ። ገላገለኝ ማለት ይቻላል።

«ጸዳለ፣ ተክሌ መቼ ነው የሞተው?» አልኳት።

ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። ሜሮን ከክፍሏ ወጥታ በሩ ላይ ቆመች። «ማማ፣ ሲ ደ ዳ» አለቻት፤ «ንገሪያት በቃ፣ እኔ ከዚህ በላይ አልችልም።»

«ማን ነገረሽ?» አለችኝ ልጄ።

«ጥቁር ልብስሽ ነው የነገረኝ። ሁለት ቅዳሜ ተቀምጬ ጠበቅኋቸው። ሰዎቹ ለምን አልመጡም? እኔ ሰው አይደለሁም? የስንቱን መርዶ ሄጄ አረዳሁ፣ ለኔ ሲሆን ማን ከለከላቸው?»

«እኔ ነኝ የከለከልኳቸው። ሊመጡ ነበር፣ አይሆንም አልኩ።» እንባዋን በቀዩ እጅጌ ጠረገች። «ጋሼ ተክሌ ነው ያዘዘው እማዬ። ሆስፒታል ሊያልፍ ሲል ልጆቹን ሰብስቦ አስምሏቸዋል። ለእህቴ እንዳትነግሩ አላቸው። ጆሮው ደክሟል በሉ፣ ኔትወርክ የለም በሉ፣ እስክትሞት ድረስ ያለሁ ይምሰላት አለ። እኔንም በስልክ አስማለኝ።»

«ተክሌ? ተክሌ ነው ይህን ያለው?»

«እሱ ነው። ለምን ብዬ ጠየቅሁት። አንድ ነገር አለኝ፣ አልገባኝም። ‹ያኔ በልጅነታችን የእሷንም ድርሻ እኔ አልቅሼላታለሁ፤ አሁን እሷ አታልቅስ› አለኝ። የምን ድርሻ ነው እማዬ? ምንድን ነው ያለኝ?»

መጀመሪያ የመጣው ንዴት ነው። ያ እልኸኛ! ያ የሚንተባተብ! አልጋ ላይ ተኝቶ እንኳ ሊረታኝ! ያን ለቅሶ ሙሉ ዕድሜውን ተሸክሞት ኖሮ፣ እኔ ቂም ነው ስል፣ ለካ ለእኔ አስቀምጦልኝ ኖሯል። ከወንበሬ ወርጄ ልጄ አጠገብ ወለሉ ላይ ተቀመጥሁ።

«ሰዎቹን ጥሪልኝ» አልኳት።

«እማዬ፣ ቃሉ እኮ…»

«ቃሉን ሰምቻለሁ። ጥሪያቸው። የቤተ ክርስቲያኑን፣ የሊንደሩዶቹን፣ ቫክት ላይ ያሉትም ሲወጡ ይምጡ። ወንድሜን የማለቅሰው እኔ ነኝ፤ ማንም አያለቅስልኝም።»

ጸዳለ መደወል ጀመረች። የመጀመሪያው ሰው ስልኩን ሳያነሣ እኔ ለቅሶዬን ጀምሬ ነበር።